አራት መስመር የማጥፋት ጣጣ

ኮድ የጨመረ ይመሰገናል፤ ኮድ ያጠፋ ይጠየቃል። «ይህን ለምን ጨመርክ?» ተብሎ የተፋጠጠ ፕሮግራመር ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። አጥፍቶ የመጣ ግን ወዮለት! «ማን አዘዘህ? የሚሠራውን ነገር ለምን ትነካካለህ? ነገ አንድ ነገር ቢፈጠርስ?» ይባላል። ይህቺ «ነገ አንድ ነገር ቢፈጠርስ» የምትባል ጥያቄ መልስ የላትም፤ ነገ መቼም አንድ ነገር መፈጠሩ አይቀርማ! በእሷ ምክንያት ቢሯችን ውስጥ ማንም የማይጠቀምበት፣ ማንም የማይነካው ኮድ እንደ ጉድ ተከማችቷል።

እኔን ለዚህ ምሬት የዳረገኝ አንድ የኔትዎርክ ድራይቨር ነው። መሥሪያ ቤታችን በየከተማው ላሉት ቅርንጫፎች የገዛቸው ትንንሽ ራውተሮች በሊኑክስ የሚሠሩ ናቸው። ከእነሱ አንዱ፣ ደሴ ያለው፣ ኔትዎርኩ ድንገት ይጠፋበታል፤ ደግሞ ማንም ሳይነካው ተመልሶ ይመጣል። ቲም ሊደራችን አንድ ቀን ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥተው ቆሙ።

«ኢንጂነር፣ የደሴዎቹ በስልክ ሊገድሉኝ ነው። እስቲ ድራይቨሩን እየው።»

«ኬብሉስ ጋሼ?»

«ኬብሉ ተቀይሯል ብለዋል።»

ይህቺን «ተቀይሯል ብለዋል» አንባቢ በልቡ ያዝልኝ፤ ኋላ ላይ እንፈልጋታለን።

ድራይቨር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ «ይህን ፓኬት ላክልኝ» ማለት እንጂ ካርዱ ውስጥ የትኛው ሬጅስተር ላይ ምን ቁጥር እንደሚጻፍ አያውቅም። ያን የሚያውቀው ድራይቨሩ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሄልሲንኪ ውስጥ ተማሪ ሳለ በጀመረው በዚህ ከርነል ውስጥ ዛሬ ትልቁን የኮድ ድርሻ የያዙት ድራይቨሮች ናቸው። አብዛኞቹ ከከርነሉ ጋር አብረው ስለሚኖሩ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደለወጣቸው ጊት በሚባለው የኮድ ታሪክ መዝገብ ላይ መስመር በመስመር ተመዝግቧል። የእኛ ራውተር ድራይቨር ግን ከአምራቹ በዚፕ ፋይል የመጣ ነው። ታሪኩ «የመጀመሪያ ቅጂ» በምትል አንዲት መልእክት ይጀምርና እዚያው ያበቃል።

እንግዲህ ማንበብ ጀመርኩ። ማንኛውም የኔትዎርክ ድራይቨር ለከርነሉ አንድ ሠንጠረዥ ሞልቶ ያስረክባል፦ ካርዱ ሲከፈት ይህን ፈንክሽን ጥራ፣ ሲዘጋ ያንን ጥራ፣ ፓኬት ሲላክ ደግሞ ይህኛውን ጥራ የሚል። እኔ የፈለግሁት የመላኪያውን ነበርና ስሙን ተከትዬ ሄድኩ። ሄጄ ያገኘሁት አራት መስመር ነው። አንደኛው መስመር ስሙ ነው፤ ሁለት ነገር ይቀበላል፣ ፓኬቱንና ካርዱን። ሁለተኛው መስመር መክፈቻ ቅንፍ። ሦስተኛው መስመር ላይ ሌላ ፈንክሽን ይጠራል፤ እነዚያኑ ሁለት ነገሮች፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ ምንም ሳይጨምር ምንም ሳይቀንስ ያስረክበዋል፤ የመጣለትንም መልስ እንዳለ ወደ ኋላ ያቀብላል። አራተኛው መስመር መዝጊያ ቅንፍ። አለቀ።

ፕሮግራመሮች እንዲህ ያለውን ራፐር ፈንክሽን ይሉታል። እኔ ግን ደላላ ነው የምለው። ያውም አከራይና ተከራይ አንድ ግቢ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው እየተያዩ፣ መሐላቸው ቆሞ «እሱ እንዲህ ይልሃል፣ አንተስ ምን ልበልልህ?» የሚል ደላላ። ልዩነቱ የእኔው ደላላ ኮሚሽን አለመጠየቁ ብቻ ነው።

በውነቱ ኮሚሽን እንኳ አይጠይቅም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ «አንድ ጥሪ ከቀነስክ ኔትዎርኩ ይፈጥናል» ይላል። አይፈጥንም። የምንጠቀምበት ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር አንድ ፈንክሽን ከፋይሉ ውጪ የማይታይ ከሆነና የሚጠራውም ከአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ አካሉን አንስቶ ጠሪው ውስጥ ይከተዋል። ስለዚህ ማሽኑ ላይ ሲደርስ ሁለቱ አንድ ሆነዋል፤ ደላላ የለም፣ ጥሪ የለም። ይህን ያወቅሁት ደግሞ አጉል በሆነ መንገድ ነው። ከርነሉ የሚጠራቸውን ፈንክሽኖች እየተከታተለ የሚመዘግብ ኤፍትሬስ የሚባል መሣሪያ አለ። ዋናውን የመላኪያ ፈንክሽን ስም ሰጥቼ «ይህን ተከታተልልኝ» ብለው እንዲህ የሚባል የለም አለኝ። እንዴት የለም? ስክሪኑ ላይ ተዘርግቶ እያየሁት! ፊደሉን ደጋግሜ ጻፍኩ። የለም። ለካ ኮምፓይለሩ ሥራውን የሚሠራውን ፈንክሽን ደላላው ሆድ ውስጥ ከቶት በስም የቀረው ደላላው ኖሯል። ሥራውን የሚሠራው ስሙ ጠፍቶ፣ የማይሠራው በስሙ ሲጠራ ያየሁት መቼም ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም።

ስለዚህ ኪሳራው የማሽኑ አይደለም፤ የአንባቢው ነው። ሌሊት ላይ ብልሽት የሚፈልግ ሰው አንዱን በር ከፍቶ ሌላ በር ያገኛል፤ የማሽኑ መዝገብ አንድ ስም ይነግረዋል፣ ኮዱ ሌላ ስም ያሳየዋል።

ታዲያ አጥፍቼው ልሂድ? እንዲያ ቀላል ቢሆንማ ይህ ጽሑፍ እዚህ ባለቀ። ራፐር ሁሉ ሥራ ፈት አይደለም። ከርነሉ ራሱ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የኖረ አንድ የራፐሮች ስብስብ ነበር፤ የፒሲአይ ካርዶች ከማሽኑ ሜሞሪ ጋር በቀጥታ እንዲጻጻፉ የሚያመቻቹ አሮጌ ፈንክሽኖች፣ ከሥራቸው አዲሶቹን የሚጠሩ። ሲያዩአቸው ዝም ብለው የሚያቀብሉ ይመስላሉ። ነገር ግን አንደኛው ሜሞሪ ሲጠይቅ ሁልጊዜ «አሁኑኑ፣ መጠበቅ አልችልም» ብሎ ነው የሚጠይቀው፤ ጠሪው መጠበቅ ይችል እንደሆነ አይጠይቀውም። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚስተናገደው ለአስቸኳይ ጊዜ ከተያዘው ክምችት ጭምር ስለሆነ ያለ ምክንያት አይደረግም። ስለዚህ እነዚያን ራፐሮች ያወጡ ሰዎች ኮክሲኔል በሚባል፣ የፈረንሳዩ ኢንሪያ በሚያለማው የኮድ መለወጫ መሣሪያ ስሙን ብቻ ቀይረው አልሄዱም፤ በየቦታው «እዚህስ መጠበቅ ይቻላል?» ብለው ማየት ነበረባቸው። ፋይሉ ከነጭራሹ የጠፋው እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው 5.18 ከርነል ላይ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ለፍጥነት ተብሎ የተጨመረ ራፐር አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ስፔክተር የተባለው የፕሮሰሰር ድክመት ይፋ ሲሆን፣ መከላከያው አድራሻን በሠንጠረዥ ተመልክቶ የሚደረገውን ጥሪ አዘገየው። የኔትዎርኩ ክፍል ሰዎች መላ ዘየዱ፤ «አድራሻው ያ የምናውቀው ፈንክሽን ነው? እንግዲያስ በቀጥታ ጥራው» የሚል ራፐር ጨመሩ። አንድ ጥያቄ በመጨመር ጊዜ ተረፈ። እንግዲህ ራፐርን በጅምላ መጥላት አይቻልም ማለት ነው። እያንዳንዱን ሥራህ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ግድ ይላል።

መሐል ላይ ነገር የማስገባት ልማድ ደግሞ የቆየ ነው። ኬምብሪጅ ውስጥ ኤድሳክ በተባለው ጥንታዊ ኮምፒውተር ላይ ይሠራ የነበረ ዴቪድ ዊለር የሚባል ሰው ነበር። አንድን የኮድ ቁራጭ ከብዙ ቦታ ጠርቶ ወደ ጠሩበት የመመለስን ዘዴ፣ ዛሬ ፈንክሽን የምንለውን ነገር አያት፣ ካበጁት አንዱ ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ የማይፈታ ችግር የለም፣ መሐል ላይ አንድ ደረጃ ተጨማሪ ካስገባህ ይፈታል የሚለው አባባል የሱ ነው ይባላል። ሰዎች ቆይተው አንድ ጭራ ቀጠሉበት፤ የደረጃ መብዛት ራሱ ችግር ሲሆን ብቻ ይህ መፍትሔ አይሠራም አሉ። እኔ ያለሁት ጭራው ላይ ነው።

የእኔ ደላላ ግን አንድ ፍንጭ ትቶልኛል። ዋናው ፈንክሽን ስሙ ፊት ሁለት የሥር ሰረዝ አለው። በከርነሉ ሰዎች ልማድ ይህ ብዙ ጊዜ «እኔን ከመጥራትህ በፊት ሎክ ያዝ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሎክ ማለት ሁለት ሥራ በአንዴ እንዳይገባ የሚያግድ ቁልፍ ነው። ታዲያ ሎኩ የታለ? ደላላው ሎክ አይዝም። ምናልባት ድሮ ይዝ ነበር? ለማወቅ የድሮውን ቅጂ ማየት ያስፈልጋል፤ የድሮው ቅጂ ደግሞ የለም።

ስቶር ውስጥ ግን የዚያው አምራች አሮጌ ራውተር ከነካርቶኑ ተጥሎ አገኘሁ። ካርቶኑ ውስጥ ሲዲ። ሲዲ! በቢሯችን ካሉት ኮምፒውተሮች አንዱም ሲዲ የሚያነብ አልነበረም። ጠይቄ ጠይቄ በመጨረሻ ሰፈር ያለ ፎቶ ቤት ተላክሁ። ባለቤቱ ሲዲውን ወደ ብርሃን አንስቶ ገልበጥ ገልበጥ አደረገና፦

«የማን ሠርግ ነው?» አለኝ።

«ሠርግ አይደለም ወንድሜ፣ ድራይቨር ነው።»

«የመንጃ ፈቃድ ፎቶ?»

ከዚያ በላይ ለማስረዳት አቅም አልነበረኝም። አዎ አልኩት። ፍላሼ ላይ ገልብጦ ሰጠኝና፣ ሲዲውን ሲመልስልኝ «ምንም ፎቶ የለበትም፣ ተበላሽቷል መሰለኝ» ብሎ አዝኖ ገንዘብ እንኳ አልተቀበለኝም።

የፈለግሁትን አገኘሁ። በአሮጌው ቅጂ ላይ ያው ፈንክሽን ሥራ ነበረው፤ ሎክ ይይዛል፣ ዋናውን ይጠራል፣ ሎኩን ይለቃል። ሁለት የፕሮሰሰር ኮሮች በአንድ ቅጽበት ካርዱ ላይ እንዳይረባረቡ ነው። ነገር ግን ከርነሉ ራሱ፣ ድራይቨሩ አልፈልግም ብሎ ካላስታወቀ በቀር፣ የመላኪያውን ፈንክሽን ከመጥራቱ በፊት የዚያን ወረፋ ሎክ ይይዛል። አንድ አስተዋይ ሰው ይህን ተገንዝቦ ከአምራቹ ቢሮ ሆኖ ትርፍ የሆነውን ሎክ አነሳ። አነሳና፣ የቀረውን ባዶ ፈንክሽን ትቶት ወደ ምሳው ሄደ። ካርዱ «ልኬ ጨርሻለሁ» ሲል የሚሠራውም ክፍል ያንን ሎክ እንደማይፈልግ አረጋገጥሁ። እንግዲህ ምክንያቱ ተገኘ፤ ምክንያቱ መሞቱም ተረጋገጠ። አራቱን መስመር አጠፋሁ፣ ሠንጠረዡ ላይ የዋናውን ስም ጻፍሁ፣ ከስሙም ፊት ሁለቱን ሰረዝ አነሳሁ። ኮምፓይለሩ አንድ ቃል አልተናገረም።

ቀጥሎ መሞከር ነው። ሙከራውን ለእሑድ አደረግሁት፣ ቅርንጫፉ ዝግ ስለሆነ። እኔ አዲስ አበባ፣ ራውተሩ ደሴ። አውርጄ የምተካው ድራይቨር ደግሞ እኔን ከደሴ ጋር የሚያገናኘኝ እራሱ ነው። ስለዚህ አንድ ስክሪፕት አዘጋጀሁ፦ አሮጌውን አውርድ፣ አዲሱን ጫን፣ አዲስ አበባን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካላገኘህ ማሽኑን አስነሳና በአሮጌው ተመለስ። አስነሳሁት። ግንኙነቱ ተቋረጠ፤ የሚጠበቅ ነው። ከዚያ ግን የማይጠበቀው መጣ። ደሴ መብራት ሄደ።

መብራት ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ገባሁ። ራውተሩ ይሠራል! ትልልቅ ፋይል እየላክሁ አስጨነቅሁት፤ አንድ ፓኬት አልጣለም። ደስ ብሎኝ ቡና ላስፈላ ከመነሳቴ በፊት ለወጉ ያህል የተጫነውን ድራይቨር መለያ ቁጥር ብመለከት አሮጌው ነው። ለካ ማሽኑ ሲነሳ የሚጠቀምበት የመነሻ ምስል ውስጥ የአሮጌው ቅጂ ተቀምጦ ኖሮ መብራት እንደመጣ እሱን ጭኗል። በሙሉ ልብ ስፈትነው የዋልኩት ደላላውን ነበር።

እንደገና ጀመርሁ። ስክሪፕቱ ሄደ፣ ግንኙነቱ ተቋረጠ። አምስት ደቂቃ አለፈ፣ አስር አለፈ። ፀጥ። በአሮጌውም አልተመለሰም። ምርጫ ስላልነበረኝ የቅርንጫፉ ጥበቃ ጋ ደወልኩ።

«አባባ፣ ይቅርታ በሰንበት አስቸገርኩዎት። ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ መብራቷ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ጥቁር ሳጥን አለች። ሶኬቷን ነቅለው መልሰው ቢሰኩልኝ።»

«እዚህ ያለው ሁሉ ብልጭ ድርግም ይላል ልጄ።»

«ከላይ ያለችው፣ አንቴና የሌላት።»

ሲራመዱ፣ ቁልፍ ሲፈልጉ፣ በር ሲከፍቱ ይሰማኛል። «ነቀልኳት» አሉ።

«መብራቷ ጠፋ?»

«የእሷ አልጠፋም። ቴሌቪዥኑ ነው የጠፋው።»

የደህንነት ካሜራውን መቅጃ ነበር የነቀሉት። መልሰው ሰኩ። ቀጥለው ጠረጴዛውን ገፋ አድርገው ከኋላ ጎንበስ አሉና፣ እኔ ተስፋ ቆርጬ ስጠብቅ ስክሪኔ ላይ ደሴ ብቅ አለች።

«አባባ! ምን አደረጉ?»

«እኔ ምን አደረግሁ? ምንም አልነቀልኩም። እቺ ከግድግዳው የምትወጣዋ ስነካት ትነቃነቃለች፤ ጫን ብዬ ይዣታለሁ። ልልቀቃት?»

«እንዳይለቁ!»

ለቀቁ። ደሴ ጠፋች። ያዙ፤ መጣች። በዚህ ዓይነት የብዙ ወራት ምስጢር በስልክ ተፈታ። ከራውተሩ እስከ ግድግዳው ያለው አጭር ኬብል በርግጥ ተቀይሯል፤ አልዋሹም። የላላው ግን የግድግዳው የኔትዎርክ ሶኬት ነው። ጠረጴዛው በተገፋ፣ መጥረጊያ በነካው ቁጥር ኔትዎርኩ ይሄዳል ይመጣል። በዚያች ሰዓትም ራውተሩ እንደታዘዘው ሁሉን አድርጎ ነበር፤ አዲሱን ጭኗል፣ አዲስ አበባን ሲያጣ ተነስቷል፤ መንገዱ ግን ግድግዳው ላይ ተቆርጦ ነበር።

ሰኞ ሪፖርት አቀረብሁ። ቲም ሊደሩ በጥሞና ሰሙኝ።

«እንግዲህ ችግሩ ሶኬት ነበር።»

«አዎ ጋሼ።»

«ድራይቨሩ ምንም አልነበረበትም።»

«አልነበረበትም።»

«ታዲያ ያጠፋኸውን መልሰዋ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር ለምን እንገባለን?»

እውነት ለመናገር ከእሳቸው ጎን የሚቆም ትልቅ ምስክር አለ። የሊኑክስ የኔትዎርክ ክፍል ኃላፊዎች በጽሑፍ ባኖሩት መመሪያ፣ ከሌላ ሥራ ጋር ያልተያያዘ ተራ የጽዳት ለውጥ እንዳይላክላቸው ይመክራሉ። ለውጡን ለማየት የሚጠፋው ጊዜና የሚያስከትለው ግርግር ከጥቅሙ ይበልጣል ባዮች ናቸው። ነገር ግን የእነሱ ኮድ ታሪኩ አብሮት አለ፤ ለምን ተጻፈ ብሎ የጠየቀ መልስ ያገኛል። የእኛው ታሪክ ፎቶ ቤት ነው ያለው። መጪው ሰው ያንን ባዶ ፈንክሽን ባየ ቁጥር እኔ የሄድኩበትን መንገድ ሊሄድ ነው፤ ወይም፣ ይህ ደግሞ የባሰ ነው፣ «አንድ ነገር ቢኖረው ነው» ብሎ አክብሮት ሊያልፍ ነው። አላስፈላጊ ነገር ዕድሜው የሚረዝመው ወዳጅ ስላለው አይደለም፤ ለምን እንደመጣ የሚነግር ስለጠፋ ነው።

የግማሽ ዓመቱ የሥራ ምዘና ቅጽ በዚያው ሰሞን መጣ። «የተሠራ ሥራ በቁጥር» የሚል ዓምድ አለው። ይህ ዓምድ አንድ የቆየ ታሪክ አስታወሰኝ። እ.ኤ.አ. በ1982 አፕል ውስጥ ሊዛ የተባለውን ኮምፒውተር ሲሠሩ ኃላፊዎቹ በየሳምንቱ የጻፋችሁትን መስመር ብዛት ሙሉ የሚል ቅጽ አምጥተው ነበር። ከፕሮግራመሮቹ አንዱ ቢል አትኪንሰን በዚያ ሳምንት የሥዕል ኮዱን እንደገና ጽፎ ፍጥነቱን ስድስት እጥፍ ያህል አሳድጎታል፤ ኮዱም ሁለት ሺህ መስመር ያህል አጥሯል። ቅጹ ላይ ከዜሮ በታች 2000 ብሎ ሞላ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቅጽ ሙላ መባሉ ቀረለት። እኔም በዚያው መንፈስ ከዜሮ በታች 4 ብዬ ልሞላ ብል ኤክሴሉ «ትክክለኛ ቁጥር ያስገቡ» አለኝ። ዓምዱ የሚቀበለው ከዜሮ በላይ ብቻ ነው።

መቼም አልመለስኩትም። ለውጡን ከነመልእክቱ አስገባሁ፤ መልእክቱ ካጠፋሁት ኮድ ይረዝማል። «ይህ ፈንክሽን ቀድሞ ሎክ ይይዝ ነበር። ከርነሉ የወረፋውን ሎክ ራሱ ስለሚይዝ አምራቹ ሎኩን አንስቶታል። የቀረው ባዶ ጥሪ ስለሆነ ወጥቷል። ሎክ የነበረበት አሮጌ ቅጂ ከዚህ ጋር ተያይዟል። የደሴው መቆራረጥ በዚህ ምክንያት አልነበረም፤ የግድግዳ ሶኬት ነው።»

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ይህን ሁሉ ለአራት መስመር?»

«የመጀመሪያው ሰውዬ አንዲት መስመር ጽፎ ቢሆን ኖሮ እኔ አልጽፍም ነበር ጋሼ።»

ትንሽ አሰቡ። «እንዲህ ዓይነት ሌላም አለ እንዴ እዚህ ውስጥ?»

ቆጥሬያቸው ነበር። የለም ብዬ እንዳልዋሽ ኮዱን ፊታቸው ከፍቼዋለሁ፤ ይህን ያህል አለ ብል ደግሞ የሚቀጥለውም እሑድ የእኔ ነው።

«ምክንያታቸው እየተፈለገ ቢወጣ ጥሩ ነው» አልኩ።

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አሉና ፈቀዱ። ምክንያቱን ማን እንደሚፈልግ ግን ሁለታችንም አላነሳነውም።